ስም ጠያቂዋ ልጅህ

ይድረስ ለፈንታሁን፣

ፈንቴ፣ ከተለየኸኝ አራተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ አታመጣልኝም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፍልህም ፍርሃቴን የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ መተማ ተመልሳለች። ልትጠይቀኝ አይደለም የመጣችው፤ እዚሁ ልትሠራ፣ እዚሁ ልትኖር ነው። አንተ ደግሞ በዚያች በመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዘህ፣ "ልጄን ከዚህ ቆላ አውጪያት፤ አደራ" ብለኸኛል። ልጅህ ምርቃቴን ሳትቀበል ሥራውን እንደማትጀምር ነግራኝ እስከ ዛሬ ጠዋት ስትጠብቅ ነበር። አንተም አደራህን ትጠብቃለህ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ማሳዘኔ አይቀርም ነበር። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ግን አንተ የፈራኸው ነገር እውነት ሆኖ ልጄን እንዳላጣት ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ትራክተርህን ሸጥኩት። ገዢው ከአብደራፊ የመጣ ወጣት ነው። ሊያስነሣው ቢሞክር ቢሞክር እምቢ አለው። "እትዬ፣ ይኼ ብረት ከባለቤቱ ጋር ሞቷል እንዴ?" አለኝ፤ ነገሩ ካፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። አንተ ብትሰማው ምን ብለህ እንደምትመልስለት አውቃለሁና። በመጨረሻ ተነሥቶ ከግቢ ሲወጣ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። ድምፁ በኮኪት መንገድ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ግን ሰማሁት።

የኒም ዛፏ ጥላ እስከ በሩ ደርሷል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼዋለሁ፤ የጓሮ ክፍሎቹንም አከራይቻለሁ። ማንበቤን አልተውኩም። "የኛ ቤት ተማሪ ሁለት ነው" እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? የትርንጎን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ድስቱ አጠገብ ዘርግቼ ፊደል የቆጠርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ የመድኃኒት መጽሐፎቿን ሳይቀር አገላብጣለሁ። የሚገባኝ ጥቂቱ ነው፤ የገባኝ በሽታ ሁሉ ግን ያለብኝ ይመስለኛል።

የጎንደር መንገድ አንተ የምታውቀው አይደለም። አስፋልቱ አለ፤ የሌለው ሰላሙ ነው። ዛሬ ሰው ሚኒባስ ሲሳፈር ቤተሰቡ ስልክ እጁ ላይ ይዞ ነው የሚውለው። አይከል ደረስኩ፣ ነጋዴ ባሕር ደረስኩ፣ ሸሕዲ ገባሁ እያለ በየከተማው ይደውላል። አንዷ ስልክ ከዘገየች እህል ከጉሮሮ አይወርድም። የጎረቤታችን የእናና ልጅ፣ "እማ፣ አይከልን አለፍን" ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከመኪናው አውርደው ወሰዱት አሉ። እናና እስከ ዛሬ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ስልኳን ከደረቷ ሸጉጣ ነው። ሲጠራ ሮጣ ታነሣዋለች፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሲሆን የራሷን ድምፅ ታስተካክልና "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትላለች። እኔ እሷን ባየሁ ቁጥር ትርንጎን አያለሁ። ልጅህ የምትሠራው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ከየት ጀምራ እዚህ እንደደረሰች አንተም ታውቃለህ፤ እኔ ግን አሁን አሁን ነገሩን ከሥሩ እያነሣሁ አስበዋለሁ። የጀመረው በዚያ የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ጎጃሜው የሞተ ጊዜ።

ከሸሕዲ ሠራተኛ ጭነህ ስትመጣ ከጎጃሞቹ ጋር አብሮ ወረደ። ዝምተኛ ነበር። ስሙን የጠየቀው የለም። እዚህ ቆላ ሰው በአገሩ ነው የሚጠራው፤ ወሎዬው፣ ጎጃሜው፣ ደብረ ታቦሩ። እሱም ጎጃሜው ሲሉት አቤት ይል ነበር። ወባ ሲጥለው ራኩባው ሥር፣ ሠራተኛው ከፀሐይ በሚጠለልበት የሣር ዳስ ውስጥ ተኛ። ውኃ ይዤለት ብሄድ እጁን አንሥቶ አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈለገ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የታጨደው ሰሊጥ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ እናንተ ሁላችሁ ሸራ ፍለጋ ትራወጡ ነበር። "አርፈህ ተኛ፣ ነገ ትነግረኛለህ" አልኩት። ነገን አላያትም።

ሬሳውን ቤተ ክርስቲያን ስታደርሱት ቄሱ፣ "ክርስትና ስሙ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እናንተ እርስ በርስ ተያያችሁ። ጎጃሞቹ፣ "እኛ አናውቀውም፤ ሸሕዲ ላይ ነው ከኛ ጋር የተሳፈረው" አሉ። ወሎዬዎቹም የእኛ አይደለም አሉ። ለካ ወቅቱን ሙሉ ባልሆነ አገር ስንጠራው ኖረናል። ለእናቱ መርዶ የሚሄድበት መንደር እንኳ አልነበረም። ቄሱም፣ "ስሙን አንተ የምታውቀው አገልጋይህ" እያሉ ፈቱት። ትርንጎ ቀሚሴን ጨብጣ አጠገቤ ቆማ ነበር።

አንተ አጽናናኸኝ። "እሱ የሚሞትበትን ቀን ካላወቀ አንቺ በምን ታውቂ?" አልከኝ፤ ደግመህም አላነሣህብኝም። እኔ ግን አጨዳ በደረሰ ቁጥር ያቺ እጅ ትነሣብኛለች። አንዲት እናት የሆነ ቦታ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል ለመስማት ሰንፌ ዘላለም ጠባቂ አድርጌያታለሁ።

ከዚያ በኋላ ልጅህ ያደረገችውን ታስታውስ የለም? ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እየዞረች "ክርስትና ስምህ ማን ነው?" ትላቸው ነበር። ክርስትና ስም ደግሞ ለማንም የሚነገር ነገር ነው እንዴ! አንዱ ጎልማሳ፣ "ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ ልታስደግሚብኝ ነው?" ብሎ አማተበ። አንዱ ወሎዬ፣ "እኔ እስላም ነኝ እቴ፣ ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?" ቢላት ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ የእናትህን ስም ንገረኝ" አለችው። ሁሉም ሳቁ። እሱም እየሳቀ ጀመረና የእናቱን ስም ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፤ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዋን ለወጠች። የመጣውን ሁሉ የእናቱን ስም ጠየቀች። "ቀበሌዋ መጣች፣ ተሰለፉ!" ይሏት ነበር።

ትምህርት ቤት መምህሯ ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠይቀው፣ ልጆቹ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ሹፌር ሲሉ እሷ "ስም ጠያቂ" ብላ ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። እያለቀሰች መጣች። አንተ ግሪስ በነካው እጅህ እንባዋን ስትጠርግ ፊቷን አጠቆርከውና፣ "ስም ጠያቂ የሚባል ሥራ የለም እንጂ ቢኖርማ አንቺን የሚስተካከል አይገኝም ነበር" አልካት። ፈንቴ፣ እኔን ብቻ አትውቀሰኝ። ይህን ያልካት አንተ ነህ።

ዕድሜዋ ሲጨምር ግን ሐሳብህ ሌላ ሆነ። ጎንደር ከተማ፣ ነጭ ጋውን፣ በመስታወት የተዘጋ መድኃኒት ቤት፣ ጣሪያው ላይ የሚዞር ማቀዝቀዣ፤ ስለዚያ ስታወራ ያየኸው ያህል ነበር። ወባው፣ ካላዛሩ፣ እባቡ፣ ተኩሱ የማይደርስባት ቦታ። እሷም እሺ ብላህ ፋርማሲ ገባች። አንተ ስትታመም ዩኒቨርሲቲ ነበረች። መንገዱ ተዘግቶ አንተን ወደ ጎንደር ማውጣት አልቻልንም፤ እሷም መውረድ አልቻለችም። የደረሰችው ለአርባህ ነው። መቃብርህ አጠገብ ቆማ፣ "ማን ነበር አጠገቡ? ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አደራውን ብቻ ለራሴ ያዝኩት። በሐዘን ላይ ሸክም እንዳልጨምርባት ብዬ ነው።

ከዚያ ወደ ዩጋንዳ የመሄድ ነገር መጣ። በእረፍት ጊዜያቸው በጎ ፈቃደኛ ሆነው የሚሄዱ ተማሪዎች ሲመረጡ እሷ ዐረብኛ ታውቃለች ተብላ ተመረጠች። ዐረብኛውን ከየት አመጣችው? ቅዳሜ ቅዳሜ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ አንተ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ነው የለቀመችው። የማዶውን ጦርነት ሸሽተው ዩጋንዳ ድረስ የሄዱ ሱዳኖች በሰፈሩበት መጠለያ፣ የሕክምና ድንኳን ውስጥ አስተርጓሚ ልትሆን ነው። እኔ ተደሰትኩ። አውሮፕላኑን ብፈራም ከቆላው ራቀች፣ ዓለምን ታያለች፣ ከእንግዲህ ወደዚህ አትመለስም ብዬ አሰብኩ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ስማ።

እዚያ አንዲት አሮጊት ለራስ ምታት መድኃኒት ልትቀበል መጣች። መድኃኒቱን ተቀብላ አልሄድ አለች። ስደት ላይ የጠፋችባትን እህቷን ትፈልጋለች። እህቷ ማን ትባላለች ቢሏት፣ "ኡም ሐሰን" አለች። የሐሰን እናት ማለት ነው። እንደምታውቀው እነሱ ዘንድ ሴት በበኩር ልጇ ነው የምትጠራው። በዚያ መጠለያ ደግሞ የሐሰን እናት ስንት ናት! አሮጊቷን ሁሉም እያዘነ አሰናበታት። ትርንጎ ግን ተከትላት ወጣችና የልጅነት ጥያቄዋን ጠየቀቻት፤ የእናታችሁ ስም ማን ነው? ከዚያ ከሥራ በኋላ ሰፈር ለሰፈር እየዞረች፣ ያገኘቻትን ኡም ሐሰን ሁሉ የእናቷን ስም ስትጠይቅ ሰነበተች። አንዷ ያንኑ ስም መለሰች። ሁለቱ እህትማማቾች ሲተያዩ ድምፅ አላወጡም አለችኝ። ትልቋ የታናሿን ሻሽ አስተካከለችላት፤ በቃ።

ያን ቀን ደወለችልኝ። "እማዬ፣ አለ!" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ሥራው! ስም ጠያቂ የሚባል ሥራ አለ። የተጠፋፋ ሰው የሚያገናኙ፣ ይህንኑ ተምረው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አባዬ የለም ያለው እኮ አለ!"

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። ስልኩን ዘግቼ ኒሟ ሥር ቁጭ አልኩ።

ፋርማሲውን አልተወችም፤ ላንተ ስትል ጨረሰችው። የምረቃ ጋውኗን ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ካንተው ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ጎንደር ላይ መድኃኒት ቤት ሥራ አገኘች፤ መስታወት ያለው። ይኸው የአባቷ ምኞት ደረሰ ስል፣ "እዚያ አልሄድም" አለች። እዚሁ መተማ፣ ከማዶ እየተሻገሩ የሚመጡ ሰዎች ከዘመዶቻቸው የሚፈላለጉበት ሥራ አግኝታለች። ዩጋንዳ የሠራችውን አይተው ነው የተቀበሏት። ሰው ፍለጋ ወደ እርሻ ካምፖቹ ትወጣለች፤ እስከ አብደራፊ፣ እስከ ሸሕዲ ትመላለሳለች። "እማዬ፣ ወደ ቆላ ሠርቶ ሊመለስ ወርዶ የቀረው ሰው ስንት ነው? ማን ይጠይቅለታል?" አለችኝ። የትኛውን ሰው እንደምታስብ ሁለታችንም አውቀናል። ስሙን ግን ማናችንም አላነሣንም፤ የምናነሣው ስም የለንምና።

ያኔ አደራህን ነገርኳት። በቁጣ ነበር የነገርኳት፣ እንደ ዱላ አንሥቼ። "አባትሽ ከዚህ አውጪያት ብሎኝ ነው የሞተው!" አልኳት። የምትከራከረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ "እንዴት ብሎ ነው ያለው? እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ" አለች። ነገርኳት። "ድምፁ እንዴት ነበር?" አለች። ደክሞ ነበር አልኳት። "ያልነገርሽኝ ሌላ ቃል አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም ስላት ማልቀስ ጀመረች። ከለቅሶዋ ስትመለስ፣ "አደራው ያንቺ ነው። ከያዝሽኝ ሥራውን እተዋለሁ፤ ጎንደር ሄጄ መድኃኒት እሸጣለሁ። ቅር አይለኝም" አለች። ቅር እንደሚላት ከፊቷ አይቻለሁ። እንግዲህ ነገሩን ሁሉ እኔ ላይ ጣለችው። አንድ ቃል ብናገር ትተርፍልኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ፈንቴ።

ሳልናገረው ዑስማን መጣ። ገላባት ላይ የትራክተር መለዋወጫ የሚሸጥልህ፣ ሻይ ሳይጠጡ ብሎን አልሰጥም የሚለው ዑስማን። ሱቁን ወደ ሱዳን መሐል አገር ወስዶ ስለነበር መሞትህን አልሰማም። ጦርነቱን ሸሽቶ፣ ጫማው ተቀዶ፣ ልብሱ አፈር ለብሶ ከበሩ ቆመና፣ "ፈንታሁን ወይን?" አለኝ። የት አለ ማለቱ ነው። በእጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከትኩት። ግቢ ውስጥ ያለችው የድሮ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጥምጥሙ ሸፈነ። ምግብ ብንሰጠው አልበላ፣ ብናናግረው አልመልስ አለ።

ትርንጎ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘመዶችህ የት ጠፉብህ፣ መቼ ጠፉብህ አላለችውም። ሲሸሽ ከእሱ ጋር ማን እንደነበረ ቀስ ብላ ጠየቀችው። ወንድሜ አላት። "እናታችሁ ምን ብላ ነበር የምትጠራው?" አለችው። ዑስማን ቀና አለ። ወንድሙ ልጅ እያለ ሆዳም ስለነበር እናቱ የምታቆላምጥበት ስም ነበር፤ "ድስት ጠራጊው" እንደማለት ነው። ስሙን ሲናገር ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁም ወዲያው ሌላ ሆነ። ከዚያ ያላቆመ ወሬ ጀመረ። እኔ በግማሽ የተላጠ ሽንኩርት ይዤ ከኩሽና በር ቆሜ ቀረሁ። ልጅህን ስትሠራ ያየኋት ያኔ ነው። አንተ ሞተር ስታዳምጥ ጭንቅላትህን ዘንበል እንደምታደርገው ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። አትቸኩልም። ነገ ትነግረኛለህ አትልም።

ሊሄድ ሲነሣ ወደ እኔ መጣ። "ኡም ትርንጎ" አለኝ፣ "ይህችን ልጅ ወደዚያ መንገድ አትስደጃት። እኔ ያየሁትን አላየችም። ያዣት፤ በእግዜር ይዤሻለሁ" አለኝ። አንተ የላክብኝ መሰለኝ። ይኸው፣ ከማዶ መጥቶ አደራዬን ያጸናልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ትንፋሼ ተመለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞረና ትርንጎን አያት። "የወንድሜን ነገር ግን፣ ልጄ፣ አደራ" አለና ወጣ።

አየህ ፈንቴ? አትስደጃት ያለኝ አፍ ራሱ አደራ አላት። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት አደራ ሆነ። አንዱን ሳንበላ ሌላውን ማድረስ አልተቻለም። ያንተን አስቀድሜ የተቀበልኩ እኔ ነኝ፤ እሷም የዑስማንን እሺ ብላ ተቀብላለች። እሺ ስትል ሰምቻታለሁ። የሱን ወንድም እስከ ዛሬ አላገኘችውም። ያገኘችው ቢሆን ኖሮ ለእኔ ቀላል ይሆን ነበር፤ ይኸው ለዚህ ነበር ብዬ እጽናና ነበር። አላገኘችውም፣ ላታገኘውም ትችላለች፤ በዚያ ላይ መንገዱ እንዳለ ነው።

ዛሬ ጠዋት መረቅኋት። ተንበርክካ ራሷን ሰጠችኝ። "ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፣ የሚፈልጉሽን ያገናኝሽ፣ ወጥተሽ ግቢ" አልኳት። "ግቢ" አልኳት እንደገና። "ግቢ፣ ግቢ።"

"አሜን። እማዬ፣ በቃ" አለችኝ።

"አልበቃም" አልኳት።

ባጃጅ ጠርታ ሄደች። እኔም ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አደራህን በላሁ፣ ፈንቴ። በሰው ፊት አደራ በላ ከምባል ሞት ይሻለኛል ብዬ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ ብትቆጣም እውነትህን ነው። ስንገናኝ ትጠይቀኛለህ፣ እመልሳለሁ። አሁን ላንተ የምሰጥህ ቃል ይህ ነው፤ ልጅህን ከቆላ አላወጣኋትም፣ ፍርሃትህን ግን አብሬህ አልቀበርኩትም። ይዤዋለሁ። እሷ ከዚህ በር በወጣች ቁጥር አንዴ ስለ እኔ፣ አንዴ ስላንተ እፈራለሁ። ሸሕዲ ደረስኩ ብላ ስትደውል አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ላንተ እተነፍሳለሁ። እስክትገባ ድረስም አልቀመጥም። ይህን የረሳሁ ቀን፣ እኔም መጥቼ አጠገብህ ተኝቻለሁ ማለት ነው።

ያንተው የሺ